ያልተፋቀው ታምቡር

ከእንጦጦ ግርጌ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ሁለት ዓመት የቆመችውን ቮልስዋገናቸውን ወደ መንገድ ሊመልሱ ተነሡ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል ናት። ሞተሩ ብዙም አላስቸገረም፤ ፍሬኑ ግን ሲረገጥ ፔዳሉ እግር ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። የኋላ ታምቡሮቹ ክብነታቸውን አጥተዋል።

በዚህች መኪና የኋላ ታምቡርና ሞዞ አንድ ወጥ ብረት ናቸው። የሞዞው ውስጠኛ ጥርሶች አክስሉን ይነክሳሉ፤ 36 ሚሊ ሜትር ዳዶ ወደ 300 ኒውተን ሜትር በሚጠጋ ኃይል ይጠብቃል፤ ኮፒሊያ ይቆልፈዋል። ዳዶው ላልቶ ከተነዳ ጥርሶቹ ይበላሉ። የሰፈሩ መካኒክ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ፣ በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ ፈታው። ጥርሶቹ ደህና ነበሩ።

የቀረው ሥራ የቶርኖ ቤት ነው፤ የታምቡሩን ውስጥ ፍቆ ክብ ማድረግ። ይሁንና ክብነት የሚገዛው በውፍረት ነው። አዲስ ታምቡር ውስጡ 230 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚፈቀደው ጭማሪ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ የሳሳ ታምቡር ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ይሰፋል፤ ከፍሬን ሸራው ይርቃል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ይህ ደግሞ የሚደርሰው ቁልቁለት ላይ ነው።

ባለ ቶርኖው ለካ። ግራው ይፋቃል፤ ቀኙ ገደቡን አልፏል።

«ይሄን አልነካም፣ ጋሼ» አለ። ለልኬቱ አላስከፈለም።

ዳርቢና ካርኒ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1973 ገዢው ከገዛ በኋላም እንኳ ጥራታቸውን በቀላሉ ሊያረጋግጥ የማይችላቸው አገልግሎቶች እንዳሉ ጽፈዋል። ቀኙ ተፍቆ ቢሆን ኖሮ ፔዳሉ ጸጥ ይል፣ መምህሩም አመስግነው ይከፍሉ ነበር። ገበያው ለመፋቅ ዋጋ አለው፤ ለእምቢታ ግን የለውም። ስለ አሮጌ መኪና በሚወጣ ፖሊሲ የምርት ዘመን በቀላሉ ይቆጠራል፤ የዚህ ሰው ፍርድ ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገባም። ያለ እርሱ የአዲስ መኪና ፍሬንም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በላይ አይታመንም።

ፍራንክፈርት የምትኖረው ልጃቸው የሻንጣዋን ኪሎ አስባ «አንዱ አይበቃም?» ስትል በስልክ ጠየቀች። ባለ ቶርኖው ጥንድ እንዲሆን አጥብቆ መከረ፤ የግራና የቀኝ ስፋት ከተለያየ መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ወገን ልትጎትት ትችላለችና። ሁለቱም መጡ። እርሱም አዲሶቹን እንደ አሮጌዎቹ አንድ በአንድ ለካቸው። በዚህ ጊዜ መምህሩ ሳይጠየቁ ከፈሉ።

ደህናው አሮጌ ታምቡር ግራሶ ተቀብቶ አልጋ ሥር ተቀምጧል።