ከጥርስ የበቀለ ከብት

«አክስቴ፣ ዛሬ ዳይኖሰር አሳይሻለሁ» አለኝ የእህቴ ልጅ ጫማውን እያሰረ። ሰባት ዓመቱ ነው። ለንደን ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ሲቸኩል እንግሊዝኛ ይገባበታል፤ ስለ ዳይኖሰር ማውራት ከጀመረ ግን በየትኛውም ቋንቋ የሚያስቆመው የለም። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ አራተኛ ቀኔ ነበር። ድልድዮቹንም ቤተ መንግሥቱንም አይቻለሁ፤ ሁሉንም በፎቶ አውቃቸው ስለነበር የድሮ ጎረቤት ያገኘሁ ያህል ሰላም ብያቸው አለፍኩ። የዚያን ቀን ያየሁትን ግን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ፔንጅ ዌስት ጣቢያ ከባቡር ወርደን ጥቂት እንደተራመድን በደቡብ ለንደን ያለው የክሪስታል ፓላስ መናፈሻ ደረስን። ሰማዩ ዝቅ ብሎ አመድ መስሏል። ውሻ የሚያንሸራሽሩ አሉ፤ በሩጫ የሚያልፉ አሉ፤ አንዲት እናት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ቡናዋን ትጠጣለች። የማንም ሠፈር የእሑድ ጠዋት ነው። ከዚያ ሐይቁ መጣ፤ ልጁም እጄን ለቆ ሮጠ። ቀና ስል አየሁት።

ከውኃው ማዶ ባለችው ደሴት፣ ከዛፎቹ መሃል፣ አንድ ግዙፍ ራስ ወጥቷል። ቀጥሎ ደረቱ፣ ቀጥሎ እንደ ምሰሶ የተተከሉት አራት እግሮቹ፣ ቀጥሎ ያ ረጅም ጅራቱ። ቆዳው ቅርፊት በቅርፊት ነው። አፍንጫው ላይ አጭር ቀንድ አለው። ካጠገቡ ሌላው፣ ያው ዓይነት፣ ቀን ሙሉ ግጦ እንደጠገበ በሬ ተጋድሟል። እግሬ ካለበት አልንቀሳቀስ አለ።

«አውራሪስ!» አልኩ።

«አይደለም አክስቴ፣ ኢጓኖዶን ነው! ቅጠል ነው የሚበላው፤ አትፍሪ!»

እውነቱን ነው፤ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ዳይኖሰር ሲባል እኔ የማውቀው በፊልም ጥርሱን አግጦ ሰው የሚያሳድደውን አውሬ ነው። እዚህ የቆሙት ዳይኖሰሮች ግን አራት ሲሆኑ ሦስቱ ዕፅዋት በሎች ናቸው፤ ሁለቱ ኢጓኖዶኖችና ጀርባው ላይ እሾህ የደረደረው ሃይሌኦሶረስ። ሥጋ በሉ ሜጋሎሶረስ ብቻውን ነው። እነዚያ ሦስቱ ውኃ ዳር የተሰማሩ ከብቶች ይመስላሉ። እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃን ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከብት ሳይ ልቤ ይረጋጋል።

ልጁ በአንገቱ ያንጠለጠለውን አቅራቢ መነጽር አበደረኝ። የቆመውን ኢጓኖዶን ወደ ዓይኔ ሳብኩት። የአንገቱ ቆዳ ታጥፎ ታጥፎ ወርዷል፤ በየእጥፋቱ ደረቅ የድንጋይ ሽበትና አረንጓዴ ሙጃ ገብቶበታል። ቅርፊቶቹ እኩል አይደሉም፤ ትከሻው ላይ ሰፋ ይላሉ፤ ወደ አፉ ሲጠጉ ደቀቅ ይላሉ። የከንፈሩ ጠርዝ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ሲሚንቶው ይታያል። ሲሚንቶ! እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ዘንግቼው ነበር።

ይህን የሠራው ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ የሚባል ቀራፂ ነው። በሃይድ ፓርክ ለ1851ዱ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተሠራው የመስተዋት ቤተ መንግሥት ወደዚህ ኮረብታ ሲዛወር (ዘመኑን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ግቢውን በጠፉ እንስሳት እንዲሞላው ታዘዘ። በ1854 ሁሉም ነገር ለሕዝብ ተከፈተ። የመስተዋቱ ቤተ መንግሥት በ1936 በእሳት ጋየ፤ ከብቶቹ ግን ዛሬም ውኃቸው ዳር ቆመዋል። «ዳይኖሰር» የሚለውን ስም ያወጣው ሪቻርድ ኦወን ነው፤ ያም በ1842 ነው። ስሙ ከወጣ 12 ዓመት ብቻ ነበር ማለት ነው! በዓለም ላይ ማንም ሰው በሙሉ ቁመናው የቆመ ዳይኖሰር አይቶ በማያውቅበት ጊዜ ሆኪንስ ለመጀመሪያ ጊዜ አቆመው።

አሠራሩም ቤት እንደ መሥራት ነው። ሆኪንስ ለአንዱ ኢጓኖዶን የገባውን ዕቃ ቆጥሮ ነግሮናል፤ 4 የብረት ምሰሶ፣ 600 ጡብ፣ 650 ግማሽ ክብ የሸክላ ቱቦ፣ 900 ጠፍጣፋ ሸክላ፣ 38 በርሜል ሲሚንቶ፣ 90 በርሜል የተከሰከሰ ድንጋይ። በዚህ ዕቃ እኛ አገር ደህና ቤት ይቆምበታል። እሱ ግን ከብት አቆመበት። መጀመሪያ ትንሽ አምሳያ ሠርቶ፣ ከዚያ በሙሉ ቁመቱ በጭቃ አበጅቶ፣ ከጭቃው ላይ ቅርጽ ማውጫ ወስዶ ነው ወደ ሲሚንቶው የገባው። በ1853 የመጨረሻ ምሽት፣ ዲሴምበር 31 ቀን፣ 21 እንግዶች ጋብዞ በዚያ በኢጓኖዶኑ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እራት አበላቸው። ኦወን ራስጌው ላይ ተቀመጠ። ይህን ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ፤ ከሳቁም በኋላ ደስ አለኝ። በሥራው እንዲህ የተደሰተን ሰው ማን ይጠላል? እኛም ቤት ሠርተን ስንጨርስ ጎረቤት ጠርተን አይደል የምንመርቀው?

ግን ከየት አመጣው? ሰው ያላየውን እንስሳ፣ ደረቱን ይህን ያህል፣ አንገቱን ያን ያህል ብሎ እንዴት ይሠራዋል? መልሱ በልጅነቴ ገበያ ላይ ካየሁት ነገር ጋር ገጠመና ሐይቁ ዳር ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

መልሱ ጥርስ ነው።

አባቴ በሬ ሲገዙ መጀመሪያ አፉን ነው የሚከፍቱት። ጣታቸውን ከንፈሩ ሥር አስገብተው ገለጥ ያደርጉና ያያሉ። ስንት ጥርስ ነቅሏል? ጥርሱ አልቋል ወይስ ገና ነው? ሻጩ የፈለገውን ዕድሜ ይጥራ፤ ጥርሱ አይዋሽም። በሱሴክስ አውራጃ ሉዊስ ከተማ የነበረ ጌዲዮን ማንቴል የሚባል ሐኪምም ያደረገው ይህንኑ ነው። በ1822 ከድንጋይ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥርስ እጁ ገባ፤ ያገኘችው ሚስቱ ሜሪ አን ናት ይባላል። የጥርሱ አናት ተፍቆ አልቋል። ሥጋ የሚቦጭቅ ጥርስ እንዲህ አያልቅም፤ ሲያላምጥ፣ ሲፈጭ፣ ሲፈጭ የኖረ ጥርስ ነው እንጂ። ዕፅዋት በል! የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ፈረንሳዊው ኩቪዬ ጥርሱን ሲያይ የአውራሪስ ነው ብሎ ነበር። ማንቴል ግን ለንደን ወደሚገኘው ሃንቴሪያን ሙዚየም ወሰደው፤ ሳሙኤል ስታችበሪ የተባለ ባለሙያም የኢጓናን ጥርስ አውጥቶ ጎን ለጎን አሳየው። ኢጓና በአሜሪካ የሚገኝ ቅጠል በል እንሽላሊት ነው። ጥርሶቹ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው መጠን ነው። በ1825 ማንቴል ስም አወጣለት፤ ኢጓኖዶን፣ የኢጓና ጥርስ።

አንድ ያለቀ ጥርስ ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ደረት፣ ይህን ሁሉ ጅራት ያበቀለው። ከጥርሱ በቀር የነበሩት ያልተሟሉ አጥንቶች ብቻ ናቸው። እኛ አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም የምናያት ድንቅነሽ፣ በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ 40 ከመቶ ያህሉ አጥንቷ ተገኝቷል። በተማሪነቴ ፊት ለፊቷ ቆሜ ከአጥንቱ በላይ ማሰብ ፈርቼ ነበር፤ ቤቱ ጸጥ ያለ፣ ሁሉም በመስተዋት ውስጥ። እዚህ ግን አጥንት የለም። የሚታየው ሰው ከአጥንት ተነስቶ ያሰበው ነው፤ ዝናብ ላይ፣ ዳክዬ መሃል፣ ብስኩት የያዙ ልጆች ፊት። ለሐሳብ እንዲህ ያለ ሐውልት ቆሞለት አይቼ አላውቅም።

ደግሞ ሠሪዎቹ ተሳስተዋል። ልጁ ይህን ሊነግረኝ ሲቁነጠነጥ ነበር። «አፍንጫው ላይ ያለው ቀንድ አይደለም አክስቴ! ጣቱ ነው!» አለና የራሱን አውራ ጣት ሽቅብ ቀሰረ። በ1878 ቤልጂየም በርኒሳር በሚባል ሥፍራ፣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከመሬት በታች 322 ሜትር ላይ ከ30 የሚበልጡ ኢጓኖዶኖችን አገኙ። ያኔ ነው እውነቱ የታየው፤ ሹሉ አጥንት የአውራ ጣት ነበር፤ ሁለቱም እጆች ላይ አለ። የፊት እግሮቹም እንደዚህ የአውራሪስ ምሰሶ አልነበሩም። ማንቴል ይህን የመጨረሻውን አስቀድሞ ጠርጥሮት ነበር፤ ነገር ግን በ1852 ሞተ፤ ቅርጾቹ ሲቆሙ አላየም።

ታዲያ ስህተቱን ሳውቅ ፍቅሬ ጨመረ። ከብቱ ከአፍንጫው ቀንድ ጋር እንደቆመ ነው። ማንም አላፈረሰው፤ ማንም ቀንዱን ነቅሎ ጣቱ ላይ አልተከለለትም። አገሩ በከፍተኛው የቅርስ ደረጃ መዝግቦ፣ ሲሰነጠቅ እየጠገነ፣ ሰው ያኔ ምን ያህል እንደደረሰ እንዲታይ ጠብቆታል። እኔ በሥራዬ የተሳሳትኩበትን ወረቀት ቀዳድጄ የምጥል ሰው ነኝ። እዚያ ሐይቅ ዳር፣ በቅንነት የተሠራ ስህተት ከ170 ዓመት በኋላ ልጅ እጁን ቀስሮ የሚያስተምርበት ሰሌዳ ሲሆን አየሁ።

ሐይቁን ስንዞር ዘመኑም አብሮን ይዞራል፤ ሆኪንስ እንስሳቱን በዘመናቸው ተራ ነው የደረደራቸው። ጥቂት እርምጃ፣ ሚሊዮኖች ዓመታት! ሜጋቴሪየም የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ግዙፍ እንስሳ ዛፍ አቅፎ ቆሟል፤ ያቀፈው ዛፍ በሕይወት ያለ ስለነበር እያደገ ሄዶ ክንዱን ሰበረበት ይባላል። ፓሌኦቴሪየም፣ አኖፕሎቴሪየም፤ ሁሉም ቅጠል በሎች፣ ሁሉም ውኃ ዳር የተዝናኑ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እነሱ፣ የአየርላንድ ግዙፍ ዋላዎች፣ ሜጋሎሴሮስ። ወንዱ ራሱን ቀና አድርጓል፤ ሴቲቱም አብራው ናት። የእንስሳው ቀንድ በሕይወት ሳለ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ 3.6 ሜትር ይደርስ ነበር። ባሌ ላይ የደጋ አጋዘን አይቼ ግርማው አስደንግጦኛል፤ የዚህ ቀንድ ግን የሁለት ሰው ክንድ ተዘርግቶም አይበቃውም። ቅርጾቹ መጀመሪያ ሲቆሙ ከመሬት የወጣ እውነተኛ የጥንት ቀንድ ነበር የተተከለላቸው።

ማታ ቤት ገብተን የልጁን መጽሐፍ አብረን ስናገላብጥ ያንኑ ዋላ አገኘሁት፤ በዚህ ጊዜ በፈረንሳይ ዋሻ ግድግዳ ላይ። ኩኛክ በሚባል ዋሻ ውስጥ፣ በሺህ ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች በቀለም ሥለውታል። ትከሻው ላይ አየሁና ልጁን «ተመልከት!» ብዬ ጮህኩ። ሻኛ አለው! እንደ አባቴ በሬዎች ሻኛ! ስብና ሥጋ መሬት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ያንን ሻኛ እንዲህ በግልጽ የሚመሰክረው የሠዓሊው እጅ ነው። ሆኪንስ ዋላውን በሕይወት አላየውም፤ ያ ሠዓሊ ግን ቆሞ አይቶታል። እንደ እረኛ አይቶታል፤ የት ጋ እንደሚወፍር፣ የት ጋ እንደሚጠቁር። ማንቴል ጥርሱን እንዳየው፣ አባቴ አፉን ከፍተው እንደሚያዩት። የጠፉትን እንስሳት መልሶ የሚያመጣቸው ይህ አስተያየት ነው ብዬ አመንኩ፤ ከብትን ወዶ፣ ጠጋ ብሎ፣ ሳይቸኩሉ ማየት።

የቆመውን ኢጓኖዶን ፎቶ ለታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም ላክሁ፤ ለአባቴ እንዲያሳያቸው። ወዲያው ደወሉ። ሲያስተውሉ የሚሰማው ያ ረጅም ትንፋሻቸው መጣ።

«ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ዱሮ የነበረ እንስሳ ነው አባዬ። አሁን የለም።»

«ሰው ይበላል?»

«አይበላም። ቅጠል ነው የሚበላው። በጥርሱ ነው ያወቁት፤ አልቆ አግኝተውት።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«እንግዲያማ ከብት ነዋ» አሉ አባቴ። «ባለቤቱ ማን ነበር?»