አንቱ ያለችበት ቀን

«ምን ልማር ነው አልከኝ?»

«የፈጠራ ድርሰት፣ ጋሼ።»

«ድርሰትማ አራተኛ ክፍል ተምረህ የለም እንዴ? ‹ክረምቱን እንዴት አሳለፍኩ› የሚለውን!»

ይህ ጨዋታ የተካሄደው እ.ኤ.አ በ2005 ዋሽንግተን ውስጥ፣ ትኬት ከምቆርጥበት የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ነው። ጋሼ የምላቸው ሰው የሟቹ አባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ ያንን ሥራ ያስያዙኝም እሳቸው ነበሩ። እንግዲህ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኛል። በዚያ ዕድሜ ያገሬ ልጅ ነርስነት ይማራል፣ ኮምፒዩተር ይማራል፣ አለዚያም ታክሲ ነድቶ ቤት ይገዛል። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ያውም በማስተርስ ደረጃ፣ ያውም ተረት ልማር ተነሣሁ!

«ይከፈልሃል ወይስ ትከፍላለህ?» አሉኝ ጋሼ፣ ወደ ቁም ነገሩ ሲገቡ። ክፍያውን እንደተዉልኝ፣ በምትኩም ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ጽሕፈት እንደማስተምር ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ አዩኝና ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንተ ፈረንጆቹን እንግሊዝኛ ልታስተምር? በል ሂድ፤ ይኼንንስ ለማየት ዕድሜ ይስጠኝ!»

እንደ ጋሼ የሚገረም አንባቢ አይጠፋምና ስለ ነገሩ ትንሽ ልበል። ትምህርቱ አዲስ አይደለም። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የደራሲያን ዎርክሾፕ የተቋቋመው እ.ኤ.አ በ1936 ነው። ተማሪው የሚመረቀው በጥናት ወረቀት ሳይሆን በልብ ወለድ ወይም በግጥም መድበል ነው። እንግሊዞች ቆይተው እ.ኤ.አ በ1970 ኖርዊች ከተማ ጀመሩት፤ በ2017 የኖቤልን ሽልማት የወሰደው ካዙዎ ኢሺጉሮ የዚያ ቤት ልጅ ነው። የእኛም ሰዎች አልቀሩም። «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም ያሳተመው ዳኛቸው ወርቁ አዮዋ ሄዷል፤ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድም እ.ኤ.አ በ1973 ታትሟል። ከዚህ ዘመን ልጆች ዲናው መንግሥቱ ከኮሎምቢያ፣ መዓዛ መንግሥቴ ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ ተመርቀዋል። እኔ የገባሁበትን ትምህርት ቤት ስም ግን አላነሣም። ወደፊት እንደምታዩት፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለት ተማሪ አንድ ጠረጴዛ ይከባል። ተረኛው ታሪኩን ከሳምንት በፊት አባዝቶ ያድላል። በቀኑ ሁሉም ያነበበውን እያነሣ ይተቻል፤ እዚህ ጋ ረዝሟል፣ እዚያ ጋ አልገባኝም፣ ይቺ ሴትዮ ለምን ተነሥታ አትሄድም… ደራሲው ግን ትንፍሽ አይልም። ሕጉ ይኸው ነው። መጽሐፉ ገበያ ሲወጣ ደራሲው ከያንዳንዱ አንባቢ አጠገብ ቆሞ አያስረዳምና፣ ከወዲሁ ዝምታን ይልመድ ነው ነገሩ። መጀመሪያ ሰሞን ሬሳ ሆኜ ተጋድሜ ለቀስተኛው ስለኔ ሲያወራ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ለመድኩት። እንዲያውም ወደድኩት ማለት ይቀለኛል፤ ያገራችን ሰው ዝም ብሎ ሲወቀስ መዋልን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተምሮት የለ!

በሁለተኛው ዓመት ያቀረብኩት ታሪክ የእናቴ ነበር።

በእናቴ ዘመን ሚስት ባሏን አንቱ ማለቷ ያለ ነው። እማዬ ግን ከሠርጓ ጀምራ አባቴን «አንተ» ነበር የምትለው፤ በዚህም ጎረቤት ያማት እንደነበር ትዝ ይለኛል። አባቴ መንገድ ቀያሽ ነበር። ወለጋ መስመር ወጥቶ ሦስትና አራት ወር ይቆያል። በ1971 ዓ.ም፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጉለሌ ቤታችን መጣ። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ በእጁ ይዟል። «ልጄ ናት፤ እናቷ ሞታለች» አለ። ሌላ አልጨመረም። እማዬ ለቡና ጀበና ጥዳ ከከሰሉ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ልጅቷን አየቻት፣ አባቴን አየችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ሂድ ዳቦ ግዛ» አለችኝ። የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አልነበረምና ስመለስ መሽቷል። ልጅቷ ከእማዬ ጎን ተቀምጣለች። አባቴ ጓሮ ቆሟል። እማዬ በር ላይ ወጥታ ጠራችው፦

«ይምጡ፤ ራትዎ ቀርቧል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ አባቴ በ1983 ዓ.ም እስኪሞት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «አንተ» ብላው አታውቅም። ጠብ አልነበረም፣ ኩርፊያ አልነበረም። ልብሱን አጥባለች፣ ሲታመም አስታማለች፣ ልጅቷን እንደ ልጇ አሳድጋለች። ጎረቤቱ ደግሞ «አሁን ገና ጨዋ ሆነች፤ ባሏን አከበረች» ይል ነበር።

እስቲ ይህንን በእንግሊዝኛ ጻፉት! «ና፤ ራትህ ቀርቧል» እና «ይምጡ፤ ራትዎ ቀርቧል» በፈረንጅኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው። ታሪኩ በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ ግሥ ጅራት ላይ ነው፤ ጅራቷ ስትቆረጥ የሚቀረው ራት ብቻ ነው። «ጌታዬ» ብትለውስ ብዬ ሞከርኩ፤ ሴትዮዋ ገረድ መሰለች። በአባቱ ስም ብትጠራውስ አልኩ፤ ፖሊስ መሰለች። በመጨረሻ ነገሩን የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። የቀልድን ትርጉም ማስረዳት ቀልዱን እንደሚገድለው ሁሉ፣ የቁጣንም ትርጉም ማስረዳት ቁጣውን ይገድለዋል። (ያኔ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ ደበበ ሰይፉ ነበር። «መቼ»ንና «የት»ን አጋብቶ «መቼት» የሚል ሙያዊ ቃል ወለደልን ይባላል። ለአንቱታ እንግሊዝኛ የሚወልድልኝ ግን ከየት ይምጣ?)

በዎርክሾፑ ቀን አሥራ አንዱም ስለ ከሰሉ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ዳቦው ደግ ደጉን ተናገሩ። መቼቱ ግሩም ነው ተባለ። ችግሩ ሴትዮዋ ጋ ነው። «ምን አደረገች?» አለ አንዱ። «ባሏ ከሌላ የወለደውን ይዞባት መጥቶ ምንም አላደረገችም?» ሌላዋ «ቁጣዋ የት ሄደ? እኔ ላያት አልቻልኩም» አለች። መምህራችን ራሷ ደራሲ ናት፤ ደግ ሴት ነበረች፣ ክፋት አልነበረባትም። ሁሉንም አዳመጠችና፣ አንባቢው ልጁ ለዳቦ ከተላከ በኋላ ቤት ውስጥ የሆነውን ማየት እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ሕግ ነውና ዝም አልኩ። ዝም ባልልስ ምን እመልስ ነበር? እኔ ሰልፍ ላይ ነበርኩ።

ቤቴ ገብቼ አንድ ሌሊት አሰብኩበት። ከዚያ ጀበናውን አስወረወርኳት።

እውነቴን ነው፤ እማዬን፣ ጠጅ ሳር ላይ ስኒ ስታስቀምጥ እንኳ ድምፅ የማታሰማዋን ሴት፣ የፈላ ጀበና አንሥታ ግድግዳ ላይ እንድትከሰክሰው አደረግሁ። አተላው በነጩ ግድግዳ ላይ ሲወርድ ሁለት አንቀጽ ሙሉ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ጊዜ ጠረጴዛው ዙሪያ ሁሉም ረካ። ታሪኩ የመመረቂያዬ መክፈቻ ሆነ።

የተመረቅሁት እ.ኤ.አ በ2008 ነው። ልክ በዚያ ሰሞን አዮዋ ላይ ሁከት ተነሥቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ሥራዎችን በኢንተርኔት ለሁሉም በነፃ ሊለቅ ነው ሲባል፣ የድርሰት ተማሪዎቹ ያልታተመ ሥራችን ሊበተን ነው ብለው ጮኹ፤ ዩኒቨርሲቲውም ሐሳቡን ተወው። ወሬው እኛም ዘንድ ደርሶ ጓደኞቼ ቅጹ ላይ «ዝግ ይሁን» የሚለውን መረጡ። እኔ ግን «ክፍት ይሁን» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ማን ሊያነበው አልኩ። ይበልጡንም ኩራት ነበር፤ ስሜ ተጽፎ ይታያላ!

እማዬ በስልክ «ስለ ምን ጻፍክ?» ብላኝ ነበር።

«ስለ ቡና» አልኳት።

«ስለ ቡና ሦስት ዓመት?» አለችና ሳቀች። በ2011 ዓ.ም ዐረፈች። ከዚያ በላይ ጠይቃኝ አታውቅም።

ከእኔ ወዲህ ስለዚህ ትምህርት ብዙ ተጽፏል። ጁኖ ዲያዝ እ.ኤ.አ በ2014 እነዚህ ጠረጴዛዎች ነጭ ላልሆነ ተማሪ ምን ያህል ጠባብ እንደሆኑ በምሬት ጻፈ። ማቲው ሳሌሰስ ደግሞ በ2021 ባወጣው መጽሐፍ የዝምታውን ሕግ ተችቶ፣ የታሪክ አነጋገር ሥርዓት የምንለው ራሱ ከባህል የመጣ ነው ሲል ተከራከረ። ሁለቱንም ሳነብ ልቤ ቅቤ ጠጣ። አየህ፣ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም፤ ያገራቸውን ዓይነት ቁጣ አስጽፈውህ ነው አልኩ ለራሴ። እንዲህ ብዬ አንድ ሁለት ዓመት ተመችቶኝ ኖርኩ።

ከዚያ እህቴ ደወለች። ያች በአባቴ እጅ ተይዛ የገባችው እህቴ። አዲስ አበባ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። የልጇ የትምህርት ቤት ሥራ ላይ ሲረዳዱ ልጁ የኔን ስም በኢንተርኔት ፈልጎ አግኝቶት ኖሯል።

«አነበብኩት» አለችኝ። «ሁለቴ።»

እኔ ምንም አላልኩም።

«እኔኮ አንቱ የሚሏቸው ድሮም እንደዚያ መስሎኝ ነው» አለች። «የቤቱ ወግ ነው ብዬ። ከእኔ በፊት አንተ ነበር የምትለው?»

«አዎ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ይኼን ከመጽሐፍ ላንብብ? ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ይቅርታ ጠየቅኳት። እንግሊዝኛ ስለሆነ የሚያገኘው አልመሰለኝም ብዬ ልጨምር ስል ጥፋቴን ማባባስ መሆኑ ታወቀኝና ተውኩት። ጥቂት ቆይታ «ለመሆኑ ጀበና ወረወረች ያለህ ማነው?» አለችኝ።

«ማንም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«እኔን መጠየቅ አትችልም ነበር? እዚያው ነበርኩኮ!»

ይህ በሦስት ዓመት ትምህርት ውስጥ አንድም ቀን በሐሳቤ ያልመጣ ነገር ነው። ያ ልጅ «ምን አደረገች?» ሲል የጠየቀው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መልሱን የምታውቅ አንዲት ሰው በሕይወት አለች፤ ስልክ ቁጥሯም በእጄ ነበር።

«ንገሪኝ» አልኳት።

«አንተ ስትወጣ አባባን ወደ ጓሮ ላከችውና በሩን ዘጋችው። ፈርቼ ነበር፤ የምትመታኝ መስሎኝ። ውኃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። ከዚያ ፀጉሬን ፈታችው። መንገድ ላይ ሰንብተን ስለመጣን ቅማል ነበረኝ። እስኪመሽ ድረስ መስኮቱ ሥር አስቀምጣኝ ለቀመችልኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም። እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ማበጠሪያው ራሴን ይወጋኛል፤ እኔም አላለቀስኩም። ስትጨርስ ቅቤ ቀባችኝና ‹ስምሽ ማነው?› አለችኝ። ነገርኳት። ‹ጥሩ ስም ነው፤ እዚህ ቤት ማንም አይለውጥብሽም› አለችኝ። ከዚያ ወጥታ አባባን ለራት ጠራችው።»

«ጀበናውስ?»

«እሳት ላይ ነበር» አለች እህቴ። «ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው። ማንም አላወጣውም።»