ቁልፍ ዘግይቶ የመጣለት ደብተር

የግል ዊኪ ዘሩ ሲቆጠር ከተከፈተ በር ይነሳል። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ዋርድ ካኒንግሃም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1995 የመጀመሪያውን ዊኪ ሲከፍት የይለፍ ቃል የሚጠይቅ አልነበረም፤ ያነበበ ሁሉ ማረም፣ ያሻውም መሰረዝ ይችል ነበር። እንግዶቹ ሶፍትዌር ሠሪዎች ብቻ እስከነበሩ ድረስ ጨዋነት በቂ ነበር። ኋላ የመጡት የማስታወቂያ ሮቦቶች ግን ለማንበብ አልመጡም፤ ሥራቸው የቁማርና የመድኃኒት ሊንክ መለጠፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዛዊው ጄረሚ ረስተን ቲድሊዊኪን፣ ጀርመናዊው አንድሪያስ ጎር ደግሞ ሰርቨር ላይ የሚሠራውን ዶኩዊኪን አወጡ። ቲድሊዊኪ ለአንድ ሰው ማስታወሻ የሚመች ሆኖ ጽሑፉንም ፕሮግራሙንም በአንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ጠቅልሎ ይይዛል። ብልሃቱ ድንቅ ነው፤ ጣጣውም ከዚያው ይነሳል። ብራውዘር ለደኅንነት ሲል ገጹ ራሱን በራሱ ላይ እንዲጽፍ ስለማይፈቅድ፣ ሌላ ዘዴ ካልተበጀለት በቀር «አስቀምጥ» በተባለ ቁጥር አዲስ ቅጂ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ይወድቃል። ባለቤቱም ከወር በኋላ ትክክለኛው ባለ 7 ቁጥሩ ይሁን ባለ 11 ቁጥሩ ግራ ይገባዋል። ሰርቨር ላይ መጫን የሚያምረው ይሄኔ ነው።

ሰርቨር ላይ የወጣ ዊኪ ግን ጥበቃ ያሻዋል፤ የዋህ ሰው ጥበቃውን ለሮቦትስ ፋይል (robots.txt) ይተዋል። ፋይሉ የፍለጋ ሞተሮችን ይለምናል እንጂ አይከለክልም፤ «የምሥጢር ማስታወሻዬን አትዩ» ብሎ አድራሻውን እዚያ የጻፈ ለሌባ ጠቁሟል። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የሰርቨሩ ቤዚክ ኦተንቲኬሽን ይሻላል። እሱም ቢሆን የይለፍ ቃሉን የሚልከው በቤዝ 64 ለውጦ ነው፤ ያን ደግሞ ማንም ይፈታዋል። ስለዚህ ያለ ኤችቲቲፒኤስ ምስጠራ ከንቱ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ሰርተፊኬት ሰጪ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለዚሁ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት በነጻ ስለሚያድል፣ የገንዘብ ሰበብ ቀርቷል።

ዶኩዊኪ ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍ የሚለውን በየገጹ የሚለይ የፈቃድ ዝርዝር አለው። ነገር ግን ገጾቹን ዳታቤዝ ውስጥ ሳይሆን በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚያስቀምጥ፣ ዳታ የተባለው ፎልደር ከውጭ ካልተዘጋ የፈለገ ሰው ዊኪውን ሳያስፈቅድ ፋይሉን በአድራሻው ጠርቶ ይወስደዋል። ፊት ለፊት ዘበኛ ቆሞ ጓሮው ክፍት ማለት ነው።

ቲድሊዊኪ በበኩሉ የይለፍ ቃል ከተሰጠው ይዘቱን እዚያው ፋይሉ ውስጥ ኤኢኤስ በተባለው የምስጠራ ስልት ያመሰጥራል፤ ፋይሉን የሰረቀ ሰው እጁ የሚገባው ትርጉም የለሽ ፊደል ነው። ጥበቃው እዚህ ላይ የምር ነው፤ ምሕረትም የለውም። «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚል ሊንክ የለም፤ ቢኖርም መልስ የሚሰጥ የለም። የረሳ ባለቤት ከሌባው እኩል ውጭ ይቀራል፤ ያልተመሰጠረ ቅጂ ሌላ ቦታ ካላስቀመጠ በቀር።