ከብት የሌላት ሳቢሳ በአሌክሳንድሪያ

ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ድረስ ወፍ ለማየት ብዬ የሄድሁ እንዳይመስላችሁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት አልወጣም ያሉ አንድ የፎገራ ሰው አሉ። ልጃቸው «እባክህ አንድ ቀን እንኳ ነፋስ አስመታልኝ» ብትለኝ ጊዜ፣ ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ቤልትዌይን ይዤ የውድሮ ዊልሰንን ድልድይ ተሻገርሁ።

ከቤታቸው የማይርቀው ሀንትሊ ሜዶውስ ፓርክ ከሪችመንድ ሀይዌይ ግርግር ጀርባ የተደበቀ ረግረግ ነው። ስፋቱ ከ1,500 ኤከር ያላነሰ ሲሆን፣ በውኃው ላይ የእንጨት መተላለፊያ ተዘርግቶበታል። ትልቁ ግራጫ ሳቢሳና ረጅሙ ነጭ ሳቢሳ እዚያ ብርቅ አይደሉም። ጋሼ ግን ቀና ብለውም አላዩአቸው።

መታጠፊያው ላይ የሩቅ ማሳያ መነጽር ያነገቡ አሜሪካውያን ተሰብስበው ያንሾካሹካሉ። አንዲት ሴት መነጽሯን ለጋሼ አቀበለቻቸው። ቁመቷ አጠር፣ አንገቷ ወፈር ያለ፣ ምንቃሯ ቢጫ፣ አናቷና ደረቷ ቅቤ የተቀባ የመሰለ ነጭ ወፍ።

«ይቺማ የኛዋ ናት!» አሉ ጋሼ፣ ጮክ ብለው፣ በአማርኛ። ቀጥለውም «ከብቱ የታለና ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ከበሬ ኮቴ ሥር የሚነሣውን ፌንጣ እየለቀመች የምትኖር ወፍ ናት። ድሮ አሜሪካ ውስጥ አልነበረችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከወደ አፍሪካ በገዛ ክንፏ አትላንቲክን ተሻግራ በሰሜናዊ ደቡብ አሜሪካ፣ በጉያና አካባቢ ታየች። (ቪዛ የጠየቃት አልነበረም።) ደኑ እየተመነጠረ ለከብት ግጦሽ ሲውል ኑሮ ተመቻት፤ በ1941 ፍሎሪዳ ደረሰች፤ በ1953 እዚያው ጎጆ ሠርታ ፈለፈለች። ከብት ባጣችበት ትራክተርና የሣር ማጨጃ መኪና ተከትላ ትለቅማለች። በኛ አካባቢ ግን ብቅ የምትለው አልፎ አልፎ ነው።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ «የሣር ማጨጃ?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ካየሁ ከስድስት ወር በላይ ሆኖኝ ነበር። ከዚያ ወሬው መጣ። ወንድማቸው ሲያርስ እሳቸው ከኋላ ሆነው ሳቢሳዎቹን ሲያባርሩ፣ አባታቸው «ተዋቸው፣ መዥገር ይለቅማሉ» እያሉ ሲቆጡ… ባለቤታቸውንም ያዩአቸው መጀመሪያ በዚያው ሜዳ ኖሯል። ለልጃቸው እንኳ አልነገሯትም። እንድጽፈው ግን ፈቅደውልኛል።

ሳቢሳዋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተነሥታ ከዛፎቹ በላይ አለፈች። ሰዎቹም ተበተኑ። እኛ እስኪመሽ ቆየን፤ ጋሼ እንሂድ አላሉም።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ማለዳ ስልኬ ይጮኻል። «መጣች ወይ?» ይሉኛል፣ እሳቸው ከፓርኩ አጠገብ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ።