ሌባሻይ በስልካችን ውስጥ

በድሮ ጊዜ በአገራችን ንብረት ሲሰረቅ «ሌባሻይ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ልጁ ራሱን ይስታል፤ ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ ይዘውት በመንደሩ ውስጥ ይዞራል። ዞሮ ዞሮ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። አለቀ። መድኃኒቱ ከምን እንደተቀመመ አይነገርም። ልጁ ለምን እዚያ እንደወደቀ አይጠየቅም። ባለቤቱ «ማስረጃው የታለ?» ቢል ሰሚ የለውም።

ይህን ያነሣሁት ታሪክ ላስተምር አይደለም። ሌባሻይ ተመልሶ መጥቷል፤ አሁን የመጣው በልጆቻችን ስልክና ኮምፒውተር በኩል ነው።

ስለ ኦንላይን ጌም ላወራችሁ ነው። «ጌም ነው እንጂ ምን አለበት» የምትሉ ወዳጆቼ ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ጌም ላይ አይቆምም።

ቺት የሚባለው ፕሮግራም ከግድግዳ ጀርባ የተደበቀውን ተጫዋች ያሳያል፣ ወይም ለተጫዋቹ ኢላማውን ራሱ ያነጣጥርለታል። ድርጅቶቹ ይህን ለመያዝ ጠባቂ ሶፍትዌር ያሠማራሉ። ጠባቂው «እገሌ አጭበርብሯል» ካለ አካውንቱ ይዘጋል። ልጆቹ «ባን ተደረግኩ» የሚሉት ይህንን ነው። ተጫዋቹ ይግባኝ ማለት ይችላል ይባላል። የዛሬው ጉዳዬ ይህ «ይግባኝ» የሚባለው ነገር ነው።

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። የሚጫወተውን ጌም ስም አልጠራም። ሦስት ዓመት ተጫውቶበታል፤ ለበዓል የተሰጠውን ብር ሁሉ አፍስሶበታል፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ቡድን መሥርቶበታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ አካውንቱ ተዘግቶ አገኘው። ስክሪኑ ላይ ያለው «ያልተፈቀደ ሶፍትዌር ተጠቅመሃል» የሚል አንድ መስመር ነው። የትኛው ሶፍትዌር? መቼ? በየትኛው ጨዋታ ላይ? መልስ የለም።

«ጋሼ፣ አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ፤ ይግባኝ ጻፍልኝ» አለኝ።

ጻፍኩለት። ፍርድ ቤት አካባቢ ጃንጥላ ዘርግተው የሰው አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎች ትዝ አሉኝ። እነሱ ቢያንስ ባለጉዳዩ የያዘውን የክስ ወረቀት አንብበው ነው የሚጽፉት። እኔ ግን የምመልሰው ክስ አልነበረኝም። «አላደረግኩም» ከማለት ሌላ ምን ይጻፋል? ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ፦ ጉዳይህን በጥንቃቄ መርምረናል፤ ውሳኔው ጸንቷል፤ ውሳኔው የመጨረሻ ነው። በሩብ ሰዓት፣ በጥንቃቄ!

ልጁን ያመመው ግን ከአካውንቱ ይልቅ ስሙ ነው። የቡድኑ ልጆች «እሳት በሌለበት ጭስ የለም» ብለው አስወጡት። እናቱ «እውነቱን ንገረኝ» ብላ አፋጠጠችው። እኔም ጠየቅኩት። «አልነካሁም» አለኝ፤ አምነዋለሁ። ነገር ግን አጭበርብሮ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምቆጣው እኔ ነበርኩ። አሁን ለመቆጣትም ሆነ ለመከራከር በእጄ የሚያዝ ነገር የለም። ክሱ የማይታወቅ ፍርድ ንጹሑን አያጸዳም፤ ጥፋተኛውንም አያርምም።

የድርጅቶቹንም ወገን እንስማ፤ እውነት አላቸውና። ቺት ዛሬ የልጆች ቀልድ ሳይሆን በወር ክፍያ የሚሸጥ ንግድ ነው። ደቡብ ኮሪያ ቺት ሠርቶ ማሰራጨትን በወንጀል የሚያስቀጣ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሳለች። በሐቅ የሚጫወተው ልጅ በአጭበርባሪ ሲሸነፍ እሱም ተበድሏል። ድርጅቶቹ አሠራራቸውን የሚደብቁትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ «በዚህ ያዝንህ» ካሉ ቺት ሻጩ በማግሥቱ ያንኑ አስተካክሎ ይመጣል። ለዚህ ነው የቫልቭ ድርጅት «ቫክ» የተባለው ጠባቂ ቺት ባየበት ደቂቃ የማያግደው፤ ቆይቶ ብዙዎችን በአንድ ላይ ያግዳል። ይህ ሁሉ ይገባኛል።

የማይገባኝ «ማሽኑ አይሳሳትም» የሚለው ነው። ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች ልስጣችሁ።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ይኸው የቫልቭ ጠባቂ «ሞደርን ዋርፌር 2» የሚጫወቱ 12,000 ያህል ሰዎችን አገደ። ምንም አላጠፉም ነበር። የድርጅቱ ስቲም ፕሮግራም አንድን የጌም ፋይል ሲያድስ ዲስክ ላይ ያለውና ማስታወሻ ውስጥ የተጫነው ቅጂ ሳይመሳሰሉ ቀሩ፤ ጠባቂው ይህን ልዩነት ማጭበርበር ነው አለ። የድርጅቱ ኃላፊ ጌብ ኒውዌል ይቅርታ ጠየቀ፤ እገዳው ተነሣ፤ ለተበደሉትም «ሌፍት ፎር ዴድ 2» የተባለ ጌም በነጻ ተሰጣቸው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ደግሞ ኤኤምዲ የተባለው የኮምፒውተር ቺፕ አምራች የጨዋታን መዘግየት የሚቀንስ «አንቲ ላግ ፕላስ» የሚባለውን አገልግሎቱን በድራይቨሩ በኩል ለ«ካውንተር ስትራይክ 2» አቀረበ። አገልግሎቱ የጌሙን ኮድ ይነካ ስለነበር «ካውንተር ስትራይክ 2» የሚጫወቱ ሰዎች በቺት ተጠርጥረው ታገዱ። ጥፋታቸው የገዙት ካርድ አምራች ራሱ የሰጣቸውን ቁልፍ ማብራታቸው ነበር። ኤኤምዲ ድራይቨሩን አነሣው፤ ቫልቭም የተጎዱትን ለይቶ እገዳውን እንደሚያነሣ አስታወቀ።

ሁለቱም ጊዜ ስህተቱ ታረመ፤ መልካም ነው። የዳኑት ግን በአንድ ምክንያት በአንድ ጊዜ የታገዱ ብዙ ሰዎች ስለነበሩ ችግሩ ከርቀት ይታያል። በቫልቭ ደንብ የቫክ እገዳ ዘላቂ ነው፤ የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛም ሊያነሣው አይችልም። 12,000 ሰው አብሮ ሲጮኽ «ስህተት ነው» ይባላል፤ አንድ ልጅ ብቻውን ሲጮኽ «ውሸታም ነው» ይባላል።

የእኛ ልጆች ደግሞ ለጥርጣሬ የተጋለጡ ናቸው። በጌም ቤት አንድ ኮምፒውተር ላይ በቀን ብዙ ልጅ ይቀመጣል፤ ጠዋት የተቀመጠው የጫነው ነገር ከሰዓት በኋላ የመጣውን ያስይዘዋል። አንዳንድ ድርጅቶች ከአካውንቱ ሌላ መሣሪያውን ጭምር ስለሚያግዱ፣ ያገለገለ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የገዛ ሰው የሌላውን ዕዳ ሊወርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት ሲገደብ ቪፒኤን የብዙዎቻችን የዕለት እንጀራ ሆኖ ነበር፤ ለጌም ጠባቂ ግን ቪፒኤን አንዱ የጥርጣሬ ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ይግባኙ የሚጻፈው በባዕድ ቋንቋ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክሱ በዝርዝር እንዲነገረው፣ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ እንዲገመት፣ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲያይና ይግባኝ እንዲል ይደነግጋል። ይህ ለፍርድ ቤት እንጂ ለጌም ድርጅት አልተጻፈም፤ አውቃለሁ። ሐሳቡ ግን ለማንኛውም ፈራጅ ይሠራል። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አካውንቱ ለታገደ ተጠቃሚ ምክንያቱ እንዲነገረው፣ ቢያንስ ለስድስት ወር ቅሬታ የማቅረብ ዕድል እንዲኖረውና ቅሬታው በማሽን ብቻ እንዳይወሰን መድረኮችን ያስገድዳል። ዋናው ዒላማው ማኅበራዊ ሚዲያና የኦንላይን ገበያ ቢሆንም መንገዱን አሳይቷል።

እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ምስጢራቸውን ይጠብቁ፤ ነገር ግን ቀኑንና የጥፋቱን ዓይነት ይንገሩ። ሁለተኛ፣ ይግባኙን ያየው ሰው ይሁን፤ ያገደው ማሽን ራሱ አይሁን። ሦስተኛ፣ ስህተት ሲገኝ እገዳውን በይፋ ያንሡ፤ ስም የሚመለሰው በአደባባይ ነውና።

ይህ እስኪሆን ድረስ ለታገዱ ልጆችና ለወላጆቻቸው፦

▪️ ወዲያውኑ ስክሪንሹት አንሡ። የአካውንቱን መለያ ቁጥር፣ የታገደበትን ቀንና ሰዓት፣ የክፍያ ደረሰኞችን አስቀምጡ።

▪️ በዚያ ሳምንት በመሣሪያው ላይ የተጫነውን ሁሉ ጻፉ፦ ድራይቨር፣ ማክሮ፣ ስክሪን መቅጃ፣ ቪፒኤን። መሣሪያውን ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ከሆነም እውነቱን ተናገሩ።

▪️ ይግባኙ አጭርና ጨዋ ይሁን። ስድብና ዛቻ አያስፈልግም። በአንድ ጉዳይ አሥር ጊዜ አትጻፉ።

▪️ በቴሌግራም «እገዳ እናስነሣለን» የሚሉትን አትመኑ። ብርም ፓስወርድም አትስጡ።

▪️ ለጌም የምታወጡት ገንዘብ ቢጠፋ የማይጎዳችሁ ይሁን። ደንቡን ብታነቡ የምትገዙት ፈቃድ እንጂ ንብረት አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ጌም ለማይመለከታችሁም አንድ ነገር ልበል። በፌስቡክ የሚነግድ ሰው ገጹ በአንድ ሌሊት ሲዘጋ አይተናል። በስልክ ለሚጠየቅ ብድር ማን ይገባዋል የሚለውን የሚመዝነው እየዋለ እያደረ ማሽን እየሆነ ነው። ነገ ሥራ ፈላጊውንና ታክሲ ነጂውንም እንዲሁ ይመዝናል። ልጆቻችን ይህን ዓይነት ዳኛ ከእኛ ቀድመው አግኝተውታል፤ እኛ «ጨዋታ ነው» ብለን ስናልፋቸው እነሱ «ዳኛ ማለት ምክንያት የማይጠየቅ ነው» የሚለውን ተምረው እያደጉ ነው። በአገራችን «በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚሮጥ ሰው ይቆም ነበር። ማሽኑ አይቆም ይሆናል፤ ከኋላው ያለው ሰው ግን ቆሞ መልስ እንዲሰጥ መጠየቅ አለብን።

ሰላም ሁኑ።