ላሚቱስ ምን ትብላ?



ከቤተ ክርስቲያናችን ተልከን ወደ ወላይታ ገጠር ስንሄድ አምስት ነበርን። ገበሬዎችን ሰብስበን ብስባሽ ማዘጋጀትንና የበቆሎ ማሳን በአገዳ መጎዝጎዝን አስተማርን። ጉዝጓዝ እርጥበት ይይዛል፤ ዶፍ ሲወርድም አፈሩ እንዳይታጠብ ይከላከላል። ሦስት ቀን በአስተርጓሚ ተናገርን፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በዓመቱ ስንመለስ ግን ማሳው ሁሉ እንደ ቀድሞው ራቁቱን ነበር። እውነቱን እንናገር፤ በልባችን "እነዚህ ሰዎች አይለወጡም" ብለን ፈረድንባቸው።

ከአንዲት እናት ጓሮ ስንደርስ ቆምን። ባላቸው የሞተባቸው ናቸው፤ ማንበብ አይችሉም ብለን ሥልጠናው ላይ አልጠራናቸውም። እርሳቸው ግን ልጃቸው የነገራቸውን ይዘው ከማሳቸው ግማሹን ጎዝጉዘዋል። አገዳውን ገለጥ አድርገን አፈሩን ስንነካው እርጥብ ነው።

"እናታችን፣ ለምን ግማሹን ብቻ?" አልናቸው።

ሳቁ። "ልጆቼ፣ አገዳውን ሁሉ መሬት ላይ ብተወው ላሚቱስ ምን ትብላ? እሳቱንስ በምን ላንድድ?"

ሦስት ቀን ስናስተምር ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅንም። እርሳቸው ግን መልሱንም አግኝተውለታል፦ በእርከኑ ጠርዝ ደሾ ሣር ተክለዋል። ሣሩ አፈሩን ይይዛል፤ ላሚቱም እርሱን ስትበላ አገዳው ለማሳው ይተርፋል። ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ያያሉ፣ በገዛ ቋንቋቸው ይጠይቃሉ። እርሳቸውም ደሾውን ከነሥሩ ገንጥለው ይሰጧቸዋል። ሦስት ቤተሰብ ለመጪው በልግ እየተዘጋጀ ነበር።

ያን ማታ ጸሎታችን ንስሐ ሆነ። ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥2 ትምህርቱን ለታመኑና ሌሎችን ማስተማር ለሚችሉ ሰዎች እንዲያስረክብ ጢሞቴዎስን ይመክረዋል። እኛ የፈለግነው ግን ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ነበር፤ የታመነችውን እናት አለፍናት። ጌታ ኢየሱስ ሁሉን እያወቀ እንኳ ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። እኛ ሳናውቅም አልጠየቅንም።

አሁን ሥልጠናው የሚሰጠው በእርሳቸው ጓሮ ነው። እርሳቸው ያሳያሉ፤ እኛ ከኋላ ቁጭ ብለን እንሰማለን።

ወገኖች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ልትመክሩት ያሰባችሁት ሰው አለ? ከመምከራችሁ በፊት ስለ ላሚቱ ጠይቁት። ምናልባት ጌታ መልሱን አስቀድሞ በጓሮው ተክሎለት ይሆናል።