የአያቴ ተረከዝ

በልጅነቴ ከሁሉ ይልቅ የማፍርበት ነገር የአያቴ ተረከዝ ነበር። አያቴ የላስታ ሰው ናቸው። ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር እስከ ላሊበላ ገበያ እንጨት ተሸክመው በባዶ እግራቸው ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋልና፥ ውስጥ እግራቸው ደንድኗል፤ በበጋም ተረከዛቸው እንደ ደረቀ መሬት ይነቃል።

ባለፈው ገና ወደ አገሬ ገብቼ ከእርሳቸው ጋር ወደ ቤተ ማርያም ወረድሁ። ጫማዬን አውልቄ ያን ቀይ ድንጋይ ብረግጠው እግሬ አልቻለም። እሾህ እንደ ወጋው ሰው ሳነክስ አያቴ አይተው ሳቁና፥ «ልጄ፥ መሬቱ ረሳህ» አሉኝ።

ወደ ግቢ ተመልሼ ይህን ለአንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጄ ባጫውተው፥ «አያትህ ያሉት በጠፈር ተፈትኗል» አለኝ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና ቀልድ መሰለኝ። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ስኮት ኬሊ የተባለው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ ከመጋቢት 2007 እስከ የካቲት 2008 ዓ.ም. ድረስ 340 ቀን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተቀምጧል። በዚያ ቆሞ የሚሄድ የለምና፥ የውስጥ እግሩ ደንዳና ቆዳ ረግፎ እንደ ሕፃን እግር ለሰለሰ። በአንጻሩ ራሱን ለማቆም እግሩን የሚያስገባበት ብረት እየታከከው የእግሩ ጀርባ ሻከረ። ቆዳ ሸክሙ ወዳለበት ይሄዳል ማለት ነው።

ከቆዳው በታችም እንዲሁ ነው። ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሕዋሳት ቆዳንና ጅማትን አያይዞ የሚይዘውን ኮላጅን ይሠራሉ። እነዚህ ሕዋሳት በዙሪያቸው ያለውን ክር ጨብጠው ይስባሉ፤ ክሩ መልሶ ሲስባቸው ምን ያህል መሥራት እንዳለባቸው ያውቃሉ። ክብደት ሲጠፋ ይህ መሳሳብ ይላላል። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ወደዚያው ጣቢያ ተልከው 91 ቀን የቆዩ አይጦች ሲመረመሩ፥ የውስጠኛው ቆዳቸው ውፍረት 15 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በሕይወት የተመለሱት ጥቂት ናቸውና ማስረጃው ገና ቀጭን ነው። የሚያስገርመው ግን ኮላጅን መሥራቱ አልቆመም፤ እንዲያውም ጨምሮ ነበር። ሥራ በዝቶ ቆዳው ሳሳ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ በየመኝታ ክፍሉ እየዞርሁ፥ «ሸክም ነው ሰውን የሚሠራው» እያልሁ መስበክ ጀመርሁ። የአያቴ ተረከዝ ማፈሪያዬ መሆኑ ቀርቶ ኩራቴ ሆነ። አንድ እሑድ በስልክ ይህንኑ በደስታ ብነግራቸው፥ ጥቂት ዝም አሉና፥ «ተረከዜን አታሞግስብኝ። ሲነቃ ሌሊቱን አያስተኛኝም። ይልቅ ጫማ ግዛልኝ» አሉኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ያን ዕለት እንደገና አፈርሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን በራሴ። ሕዋሱ ሸክም ይፈልጋል፤ ከመጠን ያለፈ ሸክም ደግሞ ያንኑ ቆዳ ይሰነጥቀዋል። እኔ ሁለቱንም ከወንበሬ ላይ ሆኜ፥ በለሰለሰ እግር፥ በሌላ ሰው ገላ ላይ ሳመሰግን ኖርሁ።

ከኪስ ገንዘቤ ቆጥቤ ጫማውን ገዝቻለሁ። ለፋሲካ ስወርድ ለእርሳቸው ጫማውን አደርጋለሁ፤ እንጨቱን ግን እኔ እሸከማለሁ።